ሁለት ሜትር ከሃያ አራት

አመድን የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ። ጭስ ጭስ አይል፣ አፈር አፈር አይል፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነገር ነው። ዘንድሮ በግንቦት መጨረሻ ቡሬ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ፣ ከጎረቤት ጠላ ቤት ለምኜ ያመጣሁትን ግማሽ ጆንያ አመድ በመረብ ኳሱ መስመር ላይ እየበተንኩ ሳለ ካፊያ ጣለብኝ። ሽታው ሽቅብ ተነሣ። ቀና ስል ርእሰ መምህራችን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ከወረዳ እንግዶች እንደሚመጡ ነገሩኝና፣ ለሴቶቹ ልጆች መረቡን ትንሽ ዝቅ ባደርግላቸው ምን እንደሚመስለኝ በትሕትና ጠየቁኝ። ኳሱን ማሳለፍ ሲያቅታቸው እንግዳ ፊት እናፍራለን አሉ።

«መረቡ አይወርድም» አልኳቸው።

እሳቸውም ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። እኔ እንዲህ ያለ አፍ የለኝም፤ አለቃ ፊት አንገቴን ደፍቼ እሺ ማለት የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ቃሉም፣ አነጋገሩም፣ ሲናገሩ አገጭን ቀና ማድረጉም የመምህርት ማንጠግቦሽ ነበር። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ አመዱ ሲሸተኝ ዘሎ ወጣ።

መምህርት ማንጠግቦሽ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የአንድ ትንሽ የመምህራን ኮሌጅ የሴቶች መረብ ኳስ አሠልጣኝ ነበሩ። የኮሌጁን ስም ይቅር አልጠራውም፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች በትናንቱ አይጠየቁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ስመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ አንድ ጋቢና እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ ይዤ ነው የመጣሁት። ለአራት በተከራየናት ክፍል ያለን ስልክ አንድ ነበር፤ ባትሪ የምናበራበትም እሱ፣ ቤተሰብ የሚደውልበትም እሱ። እንኳን መረብ ኳስ ልጫወት፣ ከሰው ፊት ሮጬም አላውቅም።

እሳቸው አጭር ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም በቁመት ያሾፈባቸው ሁሉ በመጨረሻ የተሸነፈው በቁመት ነው። ጉልበቱ ላይ የነጣ አረንጓዴ ቱታ፣ በጫማ ማሠሪያ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ፊሽካ፣ ትከሻቸው ላይ ደግሞ የቅኔ ተማሪ መቋሚያውን እንደሚይዘው የያዟት ረጅም ሽመል ነበረቻቸው። ከአዊ በኩል ከመጣ ቀርከሃ አስመርጠው ያስቆረጧት ናት፤ ቁመቷ ልክ ሁለት ሜትር ከሃያ አራት ሴንቲ ሜትር። የሴቶች መረብ ሕጉ ይኸው ነው። ለግጥሚያ ሌላ አገር ስንሄድ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ሰላምታም ሳይቀድማቸው ወደ ሜዳው ሄደው ሽመሏን መረቡ ሥር ያቆሟታል። ብዙ ቦታ ለሴቶች ሲሆን መረብ ይወርዳል፤ አንዳንዱ በክፋት፣ አብዛኛው በደግነት ነው። እሳቸው ሁለቱንም አይምሩም ነበር። የኮሌጁ ወንዶች ልጆች «ሁለት ሃያ አራት መጣች» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ይሰማሉ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ያልፋሉ።

ወደ ኮሌጁ ሲመጡ የተሰጣቸው ሥራ፣ ነገሩን ሲያጫውቱን እየሳቁ ነው፣ የወንዶቹን ማልያ መቁጠርና ማሳጠብ ነበር። በስፖርት ተመርቀው ሣሙና ያዙ። ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የሴት ቡድን ልመሥርት አሉ፤ መሥርቺ ተባሉ፤ ሜዳ የለም፣ ቋሚ የለም፣ ኖራ የለም፣ መረብ የለም ተባሉ። መረቡን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው ከቃጫ ገመድ አስረው ሠሩት። ለመስመሩ ከተማሪዎች ማብሰያ ቤት አመድ አጠራቀሙ። የወንዶቹ ሜዳ በኖራ ነጭ ብሎ ሲታይ የእኛ ግራጫ ነበር። ወንዶቹ ሲስቁብን ጊዜ ሰብስበው «አመድ በዱቄት ይስቃል ይባል የለ? በሉ እንግዲህ እኛም እንሳቅባቸው» አሉን። ከዚያ ወዲህ አመድ ስንበትን የምንስቀው እኛ ሆንን።

ቋሚዎቹን ያገኙት ከግቢው አጥር ነው። ከጥበቃው ከአያ ገደፋው ጋር ሁለት ወፍራም የቆርች ግንድ ቆርጠው አመጡ። ቆርች እንደምታውቁት የአጥር እንጨት ነው፤ ቆርጠው ቢተክሉት ሥር ይሰድዳል። አያ ገደፋው ይህ እኮ ይበቅላል፣ ቋሚ አይሆንም ብለው ቢያስጠነቅቋቸው «ይብቀላ፤ ማን ከለከለው» አሉ አሉ። ክረምቱ ሲገባ ተተከለ፣ መስከረም ሲጠባ ቅጠል አወጣ። ሽመሏን አስጠግተው በልኳ በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ረጅም ሚስማር መቱ። መረቡ የሚታሠረው ከነዚያ ሚስማሮች ነበር። እኔ ስደርስ ቋሚዎቹ ዛፍ ሆነው፣ ቅርንጫፍ አውጥተው፣ ቀይ አበባቸው እየረገፈ ሜዳው ላይ እንጫወት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዘልል ጣቴ የመረቡን ጫፍ አይነካም። አለቀስኩ። ትንሽ ዝቅ ይበልልን አልናቸው፤ አዲሶቹ ሁላችንም። ቀና ብለው አዩንና መረቡ አይወርድም አሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። በማግሥቱ ከአንደኛው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ብርቱካን በክር አንጠልጥለው ጠበቁን። ከመረቡ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይወዛወዛል። የነካው ይበላዋል። በየሳምንቱ ብርቱካኑ ይቀየራል፤ እኛ ደግሞ ከታች ሆነን ሽታው እየመጣብን እንዘላለን። በሁዳዴ እንኳ አልቀረም፤ ልምምዱን ዘጠኝ ሰዓት ጾም ከተፈታ በኋላ አደረጉት እንጂ። መጀመሪያ የቀጠፈችው ፈንታነሽ ናት፣ ቡሬ አጠገብ ካለ የአገው ቤተሰብ የመጣች፣ ስትናደድ በአገውኛ የምትራገም ጓደኛዬ። እኔ ግን ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። ልጣጩን አልጣልኩትም፤ እስኪደርቅ ድረስ ሣጥኔ ውስጥ ልብሶቼን ያሸት ነበር።

አባቴ ይህን ዝላዬን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭኖ ከተፍ አለ። ዱላውን ተደግፎ፣ ከቀሚሴ ሥር ቱታ ታጥቄ ስዘልል ቆሞ አየኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ወደ መምህርት ሄዶ እጅ ነሣና «ልጄን የላክኋት መምህርት እንድትሆን ነበር እሜቴ፤ ፌንጣ እንድትሆን አልነበረም» አላቸው። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ፌንጣም ብትሆን አባቴ፣ ከመሬት የምትነሣው በገዛ እግሯ ነው። የማንንም ትከሻ አትለምንም» አሉት። አባቴ ነገር የሚገባው ሰው ነው። ጋቢውን አፉ ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ። ሲመለስ ገበያ ወርዶ ሸራ ጫማ ገዝቶልኝ ሄደ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን አዲስ ዲን ተሾሙ። እኚህ ሰውዬ መዝናኛ ክበብ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ግቢው መዝናኛ ክበብ ያስፈልገዋል፣ ቦታው ደግሞ የሴቶቹ ሜዳ ነው አሉ። መምህርት ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ። በመጨረሻ ዲኑ፣ ከዞን እንግዶች በተገኙበት ከሌላ ኮሌጅ ጋር ግጥሚያ ይደረግ፣ ቡድኑ ካሸነፈ ሜዳውም አሠልጣኟም ይቆያሉ፣ ካልሆነ መምህርት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ብለው ቆረጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም መቼም፤ መውጫም ሰጥተዋቸው ነበር። መረቡን አሥር ሴንቲ ሜትር ብናወርደው ልጆችሽ በምታቸው ያሸንፋሉ፣ እንግዳው ቡድንም ተስማምቷል አሏቸው፣ መምህራኑ ሁሉ በተሰበሰቡበት። መልሳቸውን መድገም አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እመጣለሁ። ብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም።

ግጥሚያው ሊደርስ ሰሞን አንድ የባዮሎጂ ተማሪ የቆርቹን ዛፍ ሽቅብ እያየ፣ እናንተ ልጆች ምን ነክቷችኋል አለን። ዛፉ ካደገ ሚስማሩም አብሮ ከፍ ይላል፤ ከተመታ ስንት ዓመቱ፣ ይኼኔ በወንዶቹ ልክ ሆኖ ነው የምትጫወቱት አለ። ተያየን። እውነትም መረቡ ሩቅ ነው። እውነትም ሁልጊዜ ሩቅ ነበር። እኔ የገበሬ ልጅ፣ ዛፍ ሥር ተወልጄ ዛፍ ሥር ያደግሁ፣ ይህን አመንኩ። ስንበደል ኖረናል ማለት ነው፣ መምህርትም ሳያውቁ ተበድለዋል ማለት ነው ብለን ተንገበገብን። ሽመሏ እሳቸው ቤት ስለሆነች መለካት አልቻልንም፤ ብንጠይቃቸው ደግሞ እንደ ልማዳችን ዝቅ ይበልልን እያልን ይመስላቸዋል ብለን ፈራን። ስለዚህ በግጥሚያው ዋዜማ፣ እሳቸው እንግዶቹን ሊቀበሉ መናኸሪያ በሄዱበት ሰዓት፣ ፈንታነሽ በርጩማ ያዘችልኝ፣ እኔ ሚስማሮቹን ነቅዬ አራት ጣት ዝቅ አድርጌ በድንጋይ መታኋቸው። ልክ ያደረስን መስሎን ነበር። በዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ጠዋት ሸራ ተወጠረ፣ ለእንግዶቹ ወንበር ተደረደረ። መምህርት የሰው ሜዳ እንጂ የራሳቸውን ሜዳ አይለኩም ነበር፤ የራሳቸውን ያምኑታል። ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ምን ብዬ ልንገራችሁ! ኳስ እጃችን ላይ ቀለለች። እኔ ሦስት ጊዜ ዘልዬ ሦስቱንም ከመሬት ጋር አጣበቅኋቸው። ሃያ አምስት ለአሥራ ስምንት አሸነፍን። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ዲኑ ራሳቸው ቆመው አጨበጨቡ።

መምህርት አላጨበጨቡም። ከአንደኛው ምቴ ጀምሮ ክርኔን ሲያዩ ነበር፤ ከመረቡ በላይ መዋል ያልነበረበት ክርን። ሜዳ ስንቀይር ወደ ጥበቃው ጎጆ ሄደው ጠዋት ከቤት ሲመጡ ያስቀመጧትን ሽመል አመጡና ዛፉን አስደግፈው አቆሟት። ከሚስማሩ አራት ጣት አለፈች። ወደ ሌላኛው ዛፍ ሄዱ። እሱም ያው።

ዳኛውን ጠሩ። ዳኛው ከደምበጫ የመጡ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱም ቡድን የተጫወተው በአንድ መረብ ነው፣ ያለፈው ይጽደቅና ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ከፍ ይበል አሉ። ፍርዱ ደግ ነበር። እንግዳው ቡድንም አልተቃወመም። ዲኑ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና መምህርት ጆሮ ላይ አንሾካሾኩ። ምን እንዳሉ አልሰማንም፤ መልሱን ግን ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ልጆቼ ዝቅ ተደርጎላቸው አሸነፉ እየተባሉ ከሚኖሩ፣ ዛሬ ተሸንፈው ቢያድሩ ይሻለኛል። ዙሩ ይሰረዝ።»

ዙሩ ተሰረዘ። መረቡ ለጊዜው ከሚስማሮቹ በላይ በገመድ ታስሮ በሽመሏ ልክ ከፍ አለ። እንደገና የመጀመሪያውን ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም ተሸነፍን። ሦስተኛው ላይ ምን እንደነካን እንጃ፣ ፈንታነሽ በአገውኛ እየተራገመች፣ እኔ እንባዬን በክንዴ እየጠረግሁ፣ ከንፈራችንን ነክሰን ሃያ አምስት ለሃያ ሦስት አሸነፍን። በልኩ መረብ። አራተኛውን ተሸነፍንና አለቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተባለው።

ማታ አልደረሰም፣ ገና ፀሐይ ሳለች፣ ዛፉ ሥር ቁጭ አድርገው ማን እንደነካው ጠየቁን። እኔ ነኝ አልኳቸው። የባዮሎጂውን ልጅ ነገር፣ ሚስማሩ ከዛፉ ጋር ማደጉን፣ መበደላችንን፣ ሁሉንም እየተንተባተብኩ ዘረገፍኩት። ሲሰሙ ቆይተው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ለካ እየሳቁ ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላም ግን እጃቸውን ከፊታቸው አላነሡም።

«የቋሪቷ፣ ዛፍ የሚያድገው ከጫፉ ነው» አሉኝ። «ግንዱ ይወፍራል እንጂ፣ የተመታ ሚስማር ከተመታበት አይነቃነቅም። በይ ተነሺና መልሺው።»

በርጩማው ላይ ቆሜ፣ ሽመሏን እሳቸው ይዘውልኝ፣ በሰጡኝ መዶሻ ሁለቱንም ሚስማሮች ወደ ልካቸው መለስኳቸው። መዶሻውን ስመልስላቸው ያቺ ሦስተኛዋ ዙር የኛ ናት አሉኝ፣ ማንም አይወስዳትም።

የዝውውሩ ደብዳቤ በሁለት ሳምንቱ መጣ። ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አቅራቢያ ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽና ሽመሏን አውቶቡስ ላይ ጭነው ሄዱ። ስንሸኛቸው አልቅሰን ነበር፤ እሳቸው ግን በመስኮት ብቅ ብለው ዛሬ ልምምድ የለም እንዴ፣ ሰዓቱ አልፏል እኮ አሉን። እኛም ተመልሰን ቱታችንን ታጠቅን።

ክበቡን ሊቆፍሩ ሠራተኞች ሲመጡ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቡድኑ ልጆች ዘጠኛችንም ሜዳው ላይ ነን። ያለ አሠልጣኝ፣ ያለ ፊሽካ። ዓይናችንን በጨው አጥበን እንጫወታለን፤ ውጡ ሲሉን ይቺን ዙር እንጨርስ እንላለን፣ ዙሩ አያልቅም። አያ ገደፋውም አበባ ላይ ያለ ዛፍ እኔ በምጠብቀው ግቢ አይቆረጥም ብለው ዱላቸውን ይዘው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ሠራተኞቹ ሰልችቷቸው ከሜዳው ውጪ ጥግ ላይ መሠረት ቆፈሩ፣ ቆፈሩና በጀት አለቀ ተባለ። እስክመረቅ ድረስ የዲኑ መዝናኛ ክበብ ውስጥ ሲዝናኑ ያየኋቸው እንቁራሪቶች ናቸው።

መምህርት ሰከላም ሄደው ሁለት ቆርች መትከላቸውን ሰምቻለሁ። ጡረታ ወጥተው ፍኖተ ሰላም ታናሽ እኅታቸው ቤት ገቡ፤ ካቻምና በጥር አረፉ። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ለረጅም ዓመታት በመምህርነት አገልግለዋል ተባለ፤ ስለ መረብ ኳስ አንዲት ቃል የለም። ያኔ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። አሁንም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ለዚህ ነው ከርእሰ መምህሬ ጋር በተነጋገርን ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አውቶቡስ ይዤ ፍኖተ ሰላም የሄድኩት። እኅታቸው ጓሮ አቮካዶ እያወረዱ አገኘኋቸው። በምን ቢያወርዱ ጥሩ ነው? በሽመሏ! ጫፏ ላይ ጆንያ ቋጥረውባታል። የመጣሁበትን ስነግራቸው ወይ ጉድ አሉ፣ ይቺ እንጨት ነች ያመጣሽ? ጆንያውን ፈትተው ሰጡኝ። መጀመሪያ ግን ያወረዱትን አስበሉኝ።

ከዚያ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። አያ ገደፋው የሉም፤ በሩ ላይ ስልኩን የሚነካካ ወጣት ጥበቃ ነው ያለው። ሜዳው ሣር ለብሷል። ሁለቱ ቆርቾች ግን ፊት ለፊት እንደተፋጠጡ ቆመዋል፤ ግንዳቸው ሁለት እጅ አይዞረውም። ጎን ለጎኔ እየተከተለ ወጣቱ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ሚስማር አልኩት። ፈለግን። ቅርፊቱ ውጦት አናቱ ብቻ፣ የዝንብ ያህል፣ ዝጎ ይታያል። ሽመሏን አጠገቡ አቆምኳት።

ልክ ነበር። አንድ ጣት አልጎደለም፣ አንድ ጣት አልተረፈም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን አባቱ፣ የሚያየኝ አንድ ጥበቃ ነው። እሱ ግራ ገብቶት ሽቅብ ወደ ዛፉ ጫፍ እያየ ነበር።

«ዛፉ እኮ በጣም አድጓል እትዬ» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ መሰለኝ።

«አድጓል» አልኩት፤ «ሚስማሩ ግን የተመታበት ነው ያለው።»

መናኸሪያ ስደርስ የቡሬ መኪና ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ረዳቱ ሽመሏን አይቶ ጣራ ላይ ልጫናት አለኝ። እምቢ አልኩት። በመስኮት አውጥቻት፣ በሁለት እጄ ይዣት፣ ነፋሱ እየታገለኝ ቡሬ ገባን።